ቤቱ ቢፈርስ ማኅበሩ አይፍረስ

ስለ አራዳ ሲነገር ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ሕንፃውን ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን፥ እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙትንም ሆቴል እናደንቃለን። ይህም የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ከተማ በድንጋይ ብቻ እንደማይቆም ልናስተውል ይገባናል።

በ1927 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 1928 ዓ. ም. ጠላት ድንበር ጥሶ ስለ ገባ፥ ልዕልት ፀሐይና ሌሎችም ወይዛዝርት ለቍስለኛ ፋሻ በማዘጋጀት፥ ለዘማችም ልብስ በመስፋት ተሰማሩ።

ከዚህ ሌላ በየሠፈሩ ስሙ በጋዜጣ የማይወጣ ማኅበር አለ፤ ይኸውም የሴቶች ዕድር ነው። እናቶቻችን በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ ድስት፥ ሰሐንና ብርጭቆ ይገዛሉ፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ወጥ ሠርተው፥ ውሃ ቀድተው ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ። ከየአገሩ መጥቶ በአራዳ የሰፈረውን ሕዝብ ጎረቤት ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በ2016 ዓ. ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የነበሩት ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ፥ ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ ሠፈሮች ተዛወሩ። ሰፊ መንገድና ንጹሕ ቤት የሚጠላ የለም። ነገር ግን ለብዙ ዓመት አብረው ያዋጡ እናቶች በየአቅጣጫው ሲበተኑ ድስቱ የማን ይሁን? መዝገቡንስ ማን ይያዘው?

በአሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 የተቋቋመ የሴቶች ማኅበር፥ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ የጆርጅ ዋሽንግተንን መኖሪያ ቤት በመግዛት ከጥፋት አድኖታል፤ እስከ ዛሬም ይጠብቀዋል። በዚያ ማኅበሩ ቤቱን አዳነ። እኛም ቤቱ ሲፈርስ ማኅበሩን ማዳን ሊያቅተን አይገባም።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም የሚነሡትን ቤተ ሰቦች ሲመዘግብ የየትኛው ዕድር አባል እንደ ሆኑ ቢጠይቅ፥ በተቻለም መጠን አባሎቹን በአንድ ሠፈር ቢያሰፍር፥ ተማሪውም በዕረፍት ጊዜው አሮጌውን የዕድር መዝገብ ገልብጦ ቢያስቀምጥ፥ ድካሙ ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሃምሳውን ሰው ከበተንነው ግን ሎሚው ተመልሶ ሸክም ይሆናል።