ጭልፊቱና የአጥሯ ወፍ

ማለዳ በአትላስ ጎዳና የሚያልፍ ሰው ቀና ቢል፥ ቢጫ ምንቃርና መንታ ጅራት ያለው ጭልፊት ከልኳንዳ ቤቱ በላይ ሲዞር ያያል። ክንፉን ዘርግቶ ነፋሱን ተደግፎ ይንሳፈፋል፤ ቍራጭ ሥጋ ያየ እንደ ሆነ ግን እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይወርዳል። እዚያው አጠገብ በግቢው አጥር ላይ ደግሞ፥ ከሰው መዳፍ የማትበልጥ፥ ከዐይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት ቡናማ ወፍ ትዘምራለች። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ አገር አሳሽ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ዝርያዋን ለሊቃውንት ገልጿል፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ወፍ» ብሎ ያልፋታል።

ተማሪዎቻችንን ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብለን ብንጠይቃቸው፥ ሁሉም በአንድ ቃል «ጭልፊት!» አሉ። እኛም በልጅነታችን ጫጩት ሲነጥቅ እያየን ያደግን ስለ ሆነ አልፈረድንባቸውም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በድምፅ በኩል ሲመረመር ይለወጣል። የወፍ ድምፅ የሚወጣው እንደ ሰው ከማንቁርት ሳይሆን፥ የመተንፈሻው ቧንቧ ለሁለት ከሚከፈልበት ሥፍራ ነው። ዘማሪ ወፎች በዚያ ብዙ ጥቃቅን ጡንቻዎች ስላሏቸው ግራውንና ቀኙን ለየብቻ ያዝዛሉ። ለጭልፊቱ የተሰጠው የሚንቀጠቀጥ ጩኸት ነው፤ እርሱንም ሳይማር ያውቀዋል። ዘማሪዋ ግን ገና በጫጩትነቷ የታላላቆቿን ዜማ ሰምታ ትይዛለች፤ በመጀመሪያ ታጉረመርማለች፥ ትሳሳታለች፥ ከዚያም ቀስ በቀስ ታቀናለች። (ሴት አድርገን መጥራታችን ስለ ትንሽነቷ ነው እንጂ፥ በብዙዎቹ ዘንድ የሚዘምረው ወንዱ ነው።) በዜማ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በፍርሃትም ጊዜ ቢሆን ድምፅ መሣሪያዋ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ፒተር ማርለር በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፥ ትንንሽ ወፎች ነጣቂ አሞራ ሲያልፍ ቀጭን ፉጨት ያሰማሉ፤ ፉጨቱ ከወዴት እንደ መጣ ለመለየት ስለሚያስቸግር ወገንን ያስጠነቅቃል እንጂ ጠሪውን አያጋልጥም። ጠላት ዐርፎ ባዩ ጊዜ ግን አጫጭር ድምፅ እያሰሙ ይሰበሰቡበታል። በአትላስም ያ ኀይለኛ ጭልፊት በትንንሾች ተከቦ ሲሸሽ አይተናል።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። በዚህ ሰፈር አትክልት የነበራቸው ግቢዎች እየፈረሱ ፎቅ ይሠራባቸዋል። ጭልፊቱ ከዚህ የተጎዳ አይመስልም፤ ፎቁ ማረፊያ፥ የቆሻሻው ክምር መሶብ ሆኖለታል። ወፏ ግን ያለ ቍጥቋጦ ጎጆዋን የት ትሠራለች? የመኪናውም ጩኸት አለ። በሆላንድ አገር በለይደን ከተማ የተደረገና በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ ምርምር እንዳሳየው፥ ጫጫታ በበዛበት ሥፍራ የሚኖሩ የአንድ ዝርያ ወፎች ድምፃቸው እንዳይዋጥ ዜማቸውን ያቀጥናሉ። አጥሩ ተቈርጦ ታላላቆቹ ከሄዱ ግን፥ ጫጩቱ ከማን ሊማር ነው?

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቻችንን አንድ ቀን ወደ አጥሩ ወስደን፥ ዐይናቸውን ጨፍነው እንዲያደምጡ አዘዝናቸው። መኪናው አልፎ ጸጥ እስኪል ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አንዱ ሕፃን ዐይኑን ሳይገልጥ እጁን ወደ ቅጠሉ ዘረጋና «እዚያ ናት» አለ።