ለዲጂታል ትምህርት የሚመደብ ገንዘብ በምን ላይ ይዋል?

ሸሕዲ በምዕራብ ጎንደር ዞን የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት፤ ገንዳ ውሃ በሚል ስምም ትታወቃለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ከሱዳን ወሰን፣ ከመተማ ዮሐንስ ያደርሳል። አካባቢው በሰሊጥና በጥጥ ምርቱ የታወቀ ነው። በመተማና በቋራ ወረዳዎች ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ የጉሙዝ ብሔረሰብ ሲሆን፣ የዚህ ቆላ ነባር ነዋሪ ነው። ቋንቋው ጉሙዝኛም ከአማርኛ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት የሁለት ቃላትን ትርጉም እንወቅ። ዲጂታል ትምህርት የምንለው አንድ ሰው በእጅ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር መልእክት ለመለዋወጥ፣ ገንዘብ ለማስተላለፍና ልዩ ልዩ አገልግሎት ለማግኘት የሚያስችለውን ዕውቀት ነው። የሳይበር ደኅንነት ደግሞ በእነዚህ መሣሪያዎች ሲጠቀም ገንዘቡንና ምሥጢሩን ከአታላይ የሚጠብቅበት ዘዴ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም።

እስቲ ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የጉሙዝ ገበሬ የዓመት ሰሊጡን ሸጦ ዋጋውን በቴሌብር ተቀበለ እንበል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ በእጅ ስልክ ገንዘብ የሚተላለፍበት አገልግሎት ነው። በማግሥቱ አንድ የማያውቀው ሰው ይደውልና፣ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን በስልክዎ የተላከውን ቁጥር ይንገሩኝ» ይለዋል። ገበሬው አማርኛን ለገበያ ያህል ይናገራል እንጂ ጽሑፍ አያነብም። ስለዚህ ተማሪ ልጁን ጠርቶ ቁጥሩን ያስነብብና ለደዋዩ ይነግረዋል። ያ ቁጥር የሒሳቡ ቁልፍ መሆኑን ለአባትም ሆነ ለልጅ የነገራቸው አልነበረም። የዓመት ድካም በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። አታላዩ የሰበረው መሣሪያ የለም፤ የተጠቀመው በንግግር ብቻ ነው። በንግግር የሚመጣውን ጥቃት የሚመክተውም ሰሚው በሚገባው ቋንቋ የተሰጠ ትምህርት ነው። እርግጥ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸመውን ማታለል ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ቅጣት የሚከተለው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ትምህርት ግን ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ ለዲጂታል ሥራ በአገራችን ገንዘብ አልተመደበም? ተመድቧል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የዲጂታል መሠረት ግንባታ 200 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን በኢንተርኔት አማካይነት በነፃ የማሠልጠን ዕቅድ ተጀምሯል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለው የኢንተርኔት ሥልጠና የሚጠቅመው ማንበብና በኢንተርኔት መገልገል ለሚችል ነው። ከላይ የጠቀስነው ገበሬ ገና ከዚያ ደጃፍ አልደረሰም።

ወደዚያ ለማድረስ ምን እንደሚያስፈልግ ካለፈው ልንማር እንችላለን። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጀመሪያ በአምስት፣ ኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ትምህርት ሰጥቶ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ያን ውጤት ካስገኙት ምክንያቶች አንዱ አስተማሪው ወደ ተማሪው መንደር መሄዱና በብዙ ስፍራ በተማሪው ቋንቋ መናገሩ ነው። ጉሙዝኛ ግን ከአሥራ አምስቱ አንዱ አልነበረም። ያ ጉድለት በዲጂታል ትምህርትም እንዳይደገም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለነባር ሕዝቦች ሥልጠና የሚመደበው ገንዘብ በሦስት ነገሮች ላይ ቢውል ይበጃል። አንደኛ፣ ከብሔረሰቡ ተወልደው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶችን አሠልጥኖ ደመወዝ በመክፈል ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ሊሰማው የሚችል፣ በጉሙዝኛ ድምፅ የተቀዳ ትምህርት በማዘጋጀት ላይ ነው። ሦስተኛ፣ አሠልጣኙ በየጊዜው ተመልሶ እንዲጎበኝ በሚያስችለው የመጓጓዣ ወጪ ላይ ነው፤ የማታለያው ዘዴ ይለዋወጣልና አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ምክር ፈጥኖ ያረጃል። የትምህርቱ ወቅትም ሊታሰብበት ይገባል። በአገራችን የሳይበር ደኅንነት ወር የሚታሰበው በጥቅምት ነው፤ ጥቅምት ግን በመተማ ቆላ ገበሬው በሰሊጥ አጨዳ የሚጠመድበት ጊዜ ነው። ትምህርቱ ከአጨዳው በፊት፣ ገንዘቡ ከገበሬው እጅ ሳይገባ መድረስ አለበት።

«ስልክና መስመር ሳይኖር ትምህርቱ ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መሣሪያና መስመር የግድ ያስፈልጋሉ። ሆኖም ወጪው ሁሉ በመሣሪያ ላይ ካለቀ፣ ለገበሬው የተሰጠው ስልክ ለአታላዩ መግቢያ በር ይሆናል።

እንግዲህ ለሥልጠና የወጣ ገንዘብ የሚመዘነው በተገዛው ኮምፒዩተር ብዛት ሳይሆን፣ ያ ገበሬ ስልኩ ሲጮህ በሚሰጠው መልስ ነው። ከእናንተም መካከል ለወላጆቻችሁ የስልክ መልእክት የምታነቡ ብዙዎች ናችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ የምሥጢር ቁጥር ለማንም እንደማይነገር በሚገባቸው ቋንቋ አስረዱአቸው።