ከአካላ እስከ አዲስ አበባ፦ የሱቃችሁ ድረ ገጽ ፈጥኖ እንዲከፈትና ጎግል ላይ እንዲገኝ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትንንሽ የንግድ ቤቶች ድረ ገጽ ነው። ምሳሌያችንን ከስቶክሆልም ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከአካላ እንወስዳለን። አካላ እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተች የ11 ቁጥር ሜትሮ የመጨረሻ ጣቢያ ናት። ከእርሷ ሁለት ጣቢያ ቀደም ብሎ ሺስታ ትገኛለች፤ ኤሪክሰን ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገባት የስዊድን የቴክኖሎጂ ሰፈር። በእነዚህ ሰፈሮችና በአቅራቢያቸው ባሉት በሁስቢ፣ በሪንከቢና በቴንስታ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። እንጀራ የሚጋግሩ፣ ፀጉር የሚሠሩ፣ በርበሬና ቡና የሚሸጡ የንግድ ቤቶች ከእንዲህ ያለ ሰፈር አይጠፉም።

ትልቅ ሱፐርማርኬት ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ አለው። ትንሽ ሱቅ ግን ደንበኛ የሚያገኘው ወይ በሰው ምክር ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው ባቡር ውስጥ ሆኖ ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ነው። ያ ሰው ገጹ እስኪከፈት ብዙ አይጠብቅም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀጣዩን ይነካል። ስለዚህ የገጽ ፍጥነት ለትንሽ ሱቅ የገበያ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ችግር፦ ጽሑፍን ፎቶ ማድረግ

በሐበሻ ንግድ ቤቶች ገጽ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። የምግብ ዝርዝሩ፣ ዋጋው፣ አንዳንዴም አድራሻው ሳይቀር በአንድ ትልቅ ፎቶ ላይ ተጽፎ ይለጠፋል። ልማዱ ከየት እንደመጣ መረዳት አይከብድም። ድሮ እያንዳንዱ የግዕዝ ፎንት የራሱ አሠራር ስለነበረው፣ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ፎቶ ግን የትም ቢከፈት ያው ነው።

ያ ዘመን አልፏል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ዛሬ አንድሮይድ ኖቶ፣ ዊንዶውስ ኤብሪማ፣ ማክ ደግሞ ከፋ የተባሉ የኢትዮጵያ ፊደል ያለባቸው ፎንቶች ይዘው ይመጣሉ።

እስቲ እናስላ። በስልክ የተነሳ ፎቶ በቀላሉ 4 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ 32 ሜጋቢት ነው፤ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ ደካማ መስመር ላይ 8 ሰከንድ ይፈጃል። በአንጻሩ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የሚይዘው 3 ባይት ነው። «እንጀራ» የሚለው ቃል 12 ባይት ብቻ መሆኑ ነው። 1,000 ቃል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ እንኳ ሳይጨመቅ ከ20 ኪሎባይት ብዙም አይርቅም፤ ሰርቨሩ በጂዚፕ ወይም በብሮትሊ ሲጨምቀው ደግሞ ይበልጥ ያንሳል።

ስለዚህ ዝርዝሩን በጽሑፍ አስቀምጡት። ገጹ ይፈጥናል፤ ጎግልም ያነበዋል። አንድ ሥራ ለሁለቱም ችግር መፍትሔ ይሆናል ማለት ነው።

ፎቶ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም

የዶሮ ወጥ ፎቶ ደንበኛ ይስባል። ነገር ግን 4,000 ፒክስል ስፋት ያለውን ፎቶ ለትንሽ የስልክ ስክሪን መላክ ብክነት ነው። ወደ 1,200 ፒክስል አሳንሱት፤ በዌብፒ ወይም በአቪፍ አስቀምጡት። ብዙውን ጊዜ ከ150 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። በዚያው ደካማ መስመር ላይ ይህ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያነሰ ጊዜ ነው።

ለእያንዳንዱ ፎቶ ስፋቱንና ቁመቱን በኮዱ ውስጥ ጻፉ፤ አለበለዚያ ፎቶው ሲመጣ ጽሑፉ ይዘላል፣ ደንበኛውም ያልፈለገውን ይነካል። ወደ ታች ያሉት ፎቶዎች ሰው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ አድርጉ። ከላይ ያለውን ዋናውን ፎቶ ግን እንዲህ አታዘግዩት፤ እርሱ ቀድሞ መምጣት አለበት።

ፎንት እና ርቀት

የሚያምር የአማርኛ ፎንት ከፈለጋችሁ በዎፍ2 ፎርማት፣ የማትጠቀሙባቸውን ፊደላት ቀንሳችሁ፣ ከራሳችሁ ሰርቨር አውጡት። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የሙኒክ ፍርድ ቤት ፎንትን በቀጥታ ከጎግል ሰርቨር የጫነ አንድ ድረ ገጽ፣ የጎብኚውን የአይፒ አድራሻ ያለ ፈቃድ አሳልፏል ብሎ 100 ዩሮ አስከፍሏል። ውሳኔው የጀርመን ቢሆንም የተመሠረተበት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ በስዊድንም ይሠራል። ፎንቱ እስኪመጣ ድረስ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይ ማድረግንም አትርሱ። ባዶ ስክሪን ከማየት መልኩ የሚቀየር ጽሑፍ ይሻላል።

ርቀትም ዋጋ አለው። ከስቶክሆልም አዲስ አበባ በቀጥታ ወደ 5,900 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልስ ቢያንስ 59 ሚሊሰከንድ ነው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። አንድ ገጽ ለመክፈት ደግሞ ብዙ ደርሶ መልስ ያስፈልጋል። ሱቁ አካላ ሆኖ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ስጦታ የሚያደርስ ከሆነ ሲዲኤን መጠቀም፣ አለዚያም የሚጠየቁትን ፋይሎች ቁጥር መቀነስ ተገቢ ነው።

ፈላጊው ምን ብሎ ይጽፋል?

እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ፀጉር» ሲል ሌላው «ጸጉር» ይላል። ለእኛ አንድ ነው፤ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ግን «ጸ» ቁጥሩ 1338፣ «ፀ» 1340 ነው። «ሐበሻ» እና «ሀበሻ»ም እንደዚያው። የሰፈሩ ስም ራሱ ያምታታል፦ ስዊድኖች «ሺስታ» ብለው ይጠሩታል፣ ሲጽፉት ግን በ«ኬ» ይጀምራሉ።

ለዲቨሎፐሮች፦ በድረ ገጹ ውስጥ ያለው መፈለጊያ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በሰባቱም ሆሄ ይቀይር። ለውጡ በተከማቸው መረጃም በፈላጊው ቃልም ላይ ይሁን፤ ለአንባቢ የሚታየው ጽሑፍ ግን አይነካ።

ለጎግል ደግሞ ቃላትን መደርደር አይጠቅምም፤ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። ይልቅ አንድ የስዊድንኛ እና አንድ የአማርኛ ገጽ አዘጋጁ። የስዊድን ጎረቤት የሚፈልገው በስዊድንኛ ነው፤ እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅም አማርኛውን በላቲን ፊደል ሊጽፍ ይችላል። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ አድራሻና ርእስ ይኑረው፤ በኮዱም ቋንቋው ይገለጽ፣ ሁለቱም በኤችሬፍላንግ ይተሳሰሩ። ርእሱ «እንኳን ደህና መጡ» ከሚል «እንጀራና የሐበሻ ምግብ በአካላ፣ ስቶክሆልም» ቢል ይሻላል።

ሰዓቱን ተጠንቀቁ

ጎግል ለንግድ ቤቶች በነፃ የሚሰጠው ገጽ አለ። በካርታ ላይ የሚወጣው ሱቅ በአብዛኛው ከዚያ ነው። ጎግል እንደሚለው በአካባቢ ፍለጋ ላይ የሚታዩት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ከፍለጋው ጋር መዛመድ፣ ርቀት እና ታዋቂነት። ስለዚህ አካላ ያለ ሱቅ ለአካላ ሰው ከመሀል ከተማው ሱቅ ቀድሞ የመታየት ዕድል አለው፤ መረጃው ከተሟላ።

ስልክና አድራሻ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። ሰዓት ላይ ደግሞ ልብ በሉ፦ በእኛ አቆጣጠር «ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት» የሚከፈት ሱቅ በስዊድን ከ10:00 እስከ 20:00 ነው። በአማርኛው ገጽ ላይ «በስዊድን ሰዓት» ብላችሁ አብራሩ፤ በጎግል ገጽና በኮዱ ውስጥ ግን የ24 ሰዓቱን ብቻ አስገቡ። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ የምትዘጉ ከሆነም ቀኑን ቀድማችሁ መዝግቡ። ደንበኛ ተጉዞ መጥቶ ዝግ በር ካገኘ ሁለተኛ አይመጣም።

መለካት

የጎግል ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በነፃ ይለካል። ሦስት ቁጥሮችን ተመልከቱ፦ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት፣ ገጹ ለንክኪ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልስ መስጠት፣ የገጹ መዝለል ከ0.1 አለመብለጥ። ጎግል የሚጠብቀው ከ100 ጉብኝት 75ቱ እነዚህን እንዲያሟሉ ነው። ጎብኚው ጥቂት ከሆነ የእውነተኛ ተጠቃሚ ቁጥር ላይወጣ ይችላል፤ ያኔ የሙከራውን ውጤት ተጠቀሙ። ሰርች ኮንሶል ደግሞ ሰዎች በምን ቃል ፈልገው እንደመጡ ያሳያችኋል።

ፍጥነት ብቻውን አንደኛ አያደርግም፤ ገጹ የተጠየቀውን መመለስ አለበት። ይሁን እንጂ ጥሩ መልስ ይዞ በ8 ሰከንድ የሚመጣ ገጽ መልሱን የሚያነብለት ሰው አይቀርለትም። ኮድ የምትችሉ ወጣቶች፣ በዚህ ቅዳሜ በሰፈራችሁ ያለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ድረ ገጽ ክፈቱና ለኩት። ዝርዝሩ በፎቶ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ወደ ጽሑፍ ቀይሩላቸው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።