ግሉኮሱ መቼ ይነቀል?

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ከከበቡት መካከል «ግሉኮስ ይሰካለት!» የሚል አይጠፋም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ኖርማል ሳላይንም ይሁን ሪንገር ላክቴት፣ ለእኛ ያው ግሉኮስ ነው። ደም ግፊቱ ወርዶ እጅ እግሩ ለቀዘቀዘ፣ ሐኪሞች «ሾክ ውስጥ ገብቷል» ለሚሉት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ነፍስ አድን ነው። ችግሩ ልኩን ማወቁ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ጉዳዩን በቅርብ ታውቀዋለች። በኢትዮጵያ የደንጊ ወረርሽኝ መጀመሪያ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ነው። በርሜልና ጀሪካን ውስጥ በምትራባ ትንኝ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ሲጠና ደም ሥሮች ውኃ ያሾልካሉ፤ ግፊትም ይወርዳል። በሚያፈስ ቧንቧ ላይ ከልክ በላይ ውኃ ሲለቀቅ ግን ትርፉ ደረትና ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ፈሳሽ በጥድፊያ ከተሰጣቸው ከመቶ ከ10 በላይ የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 ከመቶ ነበሩ።

ፈሳሹ ልኩን ማለፉን በጊዜ ለማየት አልትራሳውንድ ይረዳል። አልትራሳውንድ ሲባል ግን ትዝ የሚለን የነፍሰ ጡር ሆድ ነው። ሳንባ በአየር የተሞላ ስለሆነና አየር ድምፅን መልሶ ስለሚያነጥር፣ ለረጅም ጊዜ «በአልትራሳውንድ አይታይም» ሲባል ኖሯል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዳንኤል ሊክተንስታይን ግን ነጥሮ የሚመለሰውን ድምፅ ራሱን ማንበብ ይቻላል አሉ።

መሣሪያው ጄል ተቀብቶ በጎድን አጥንቶች መካከል ሲያርፍ፣ ከትንፋሽ ጋር የሚንሸራተት ነጭ መስመር ይታያል፤ የሳንባ ሽፋን ነው። ከሥሩ እንደ ደብተር መስመር አግድም የተደረደሩ ጭረቶች ካሉ ሳንባው ደረቅ ነው፤ ፈሳሽ ለሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ማየት ይቻላል። በቆርቆሮ ጣራ ቀዳዳ ሾልኮ እንደሚገባ የፀሐይ ጨረር ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ነጭ መስመሮች ብቅ ሲሉ ግን ሳንባው መራስ ጀምሯል። በአንድ ቦታ ሦስትና ከዚያ በላይ ከታዩ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ ምልክት በማዳመጫ የሚሰማው የመንኮሽኮሽ ድምፅ ሳይጀምር ሊታይ ይችላል።

ሆኖም የሳንባ ምችም ተመሳሳይ ጨረር ያሳያል። ስለዚህ ሐኪሙ ፈሳሹ ሳይጀመር አይቶ ኋላ ያስተያያል፤ ልብን፣ የሽንትን መጠንና የእጅን ሙቀትም አብሮ ይመዝናል።

አስታማሚ ከረጢቱ ሳያልቅ ሲነቀል አይቶ «ምነው ዶክተር፣ ገና ግማሽ አለ እኮ!» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ከረጢቱ ግማሽ ቢቀረውም ሳንባው «በቃኝ» ብሏል።