ሃይማኖት ያለውና ሃይማኖት የሌለው በአንድ ሰፈር



«ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም ማለት ይቻላል። አባባሉ ሲነገር ግን አብዛኞቻችን የምናስበው ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማይሄድ፣ «እኔ ሃይማኖት የለኝም» የሚል ሰው በመካከላችን ሲገኝስ? «የግል ነው» የሚለው ለእርሱም ይሠራል ወይ? ይህ ጥያቄ በውኃ ሰልፍም በሻይ ቤትም ይነሳል። አንዳንዴም በስድብና በኩርፊያ ይደመደማል። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ታሪካችን ምን እንዳስተማረን፣ በጉርብትናችንም ምን ማድረግ እንደሚገባን ባጭሩ እንመልከት።

የሃይማኖት ነፃነት ማለት ምን ማለት ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው የሐሳብ፣ የኅሊናና የሃይማኖት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ሃይማኖትን ወይም እምነትን መለወጥም የዚሁ መብት ክፍል ነው። ይህንኑ መብት የያዘውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ሱዳን በ1986፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. ተቀብለዋል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ በ1993 እ.ኤ.አ. በሰጠው ማብራሪያ፣ መብቱ በአምላክ የሚያምነውንም፣ የማያምነውንም፣ ምንም ሃይማኖት መያዝ የማይፈልገውንም እንደሚጠብቅ በግልጽ አስቀምጧል።

መብቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በልብ ያለው ነው። ሰው በልቡ ያመነውን ወይም ያላመነውን ማንም መንግሥት ሊከለክለው ወይም ሊያስገድደው አይችልም። ሁለተኛው በውጭ የሚታየው ነው፤ ማምለክ፣ መስበክ፣ ማስተማር፣ በዓል ማክበር። ይህኛው ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለጤና፣ ለሥነ ምግባር ወይም ለሌላው ሰው መብት ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል። በአደባባይ ጮክ ብሎ መናገር ገደብ ሊኖረው ይችላል፤ በልብ የሚታሰበው ግን ገደብ የለውም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንንም ሰው የፈለገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል ማስገደድ የተከለከለ መሆኑን ደንግጓል።

ታሪካችን ምን አስተማረን?

በሀገራችን ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያኮራም የሚያሳዝንም አለ። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ሲመጡ የአክሱሙ ክርስቲያን ንጉሥ ተቀብሎ አስጠልሏቸዋል። ንጉሡ ስደተኞቹን ሲያስጠጋ ሃይማኖታቸውን ለውጡ አላለም። ዛሬ ስደተኞች ሆነን የምንኖር እኛ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ልናስታውሰው ይገባል።

በሌላ በኩል በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ዘመን የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ተገድደው ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? አንዳንዱ ተሰደደ፣ አንዳንዱ አመፀ፣ አንዳንዱም ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ግዴታ አማኝ አልፈጠረም። የፈጠረው አስመሳይና ቂመኛ ነው።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። በመጀመሪያ የሙስሊም በዓላት በብሔራዊ ደረጃ እንዲከበሩ መደረጉ ብዙዎችን አስደስቶ ነበር። ቆይቶ ግን መንግሥቱ የያዘው ማርክሳዊ ርዕዮተ ዓለም በአማኞች ላይ በትር ሆነ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተይዘው ተገደሉ። የጴንጤ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ ምእመናናቸውም ታሰሩ።

ብዙ ሰው «ሃይማኖት የለኝም» የሚል ሰው ሲያይ «የደርግ ርዝራዥ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ መለየት አለባቸው። የደርግ ጥፋት አለማመኑ አይደለም፤ ማስገደዱና መግደሉ ነው። ደርግ ከገደላቸው ወጣቶች መካከልም በርካቶቹ ራሳቸው ሃይማኖትን የተዉ የግራ አስተሳሰብ ተከታዮች ነበሩ። ከቀይ ሽብር ያመለጡ የኢሕአፓ አባላት በጎንደር በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ከእኛ ጋር በተመሳሳይ መንገድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ።

በምንኖርበት ሀገር

በሱዳን ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በ1983 እ.ኤ.አ. የሸሪዓ ሕግ ካወጁ በኋላ፣ በጥር 1985 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት ሊቁ ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ «ከሃይማኖት ወጥቷል» ተብለው ካርቱም ላይ ተሰቅለዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 126 ከእስልምና መውጣትን በሞት ያስቀጣ ነበር። በግንቦት 2006 ዓ.ም. (2014 እ.ኤ.አ.) እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ የሆነች መርየም ኢብራሂም የምትባል ሴት አባቷ ሙስሊም ነው ተብሎ በዚሁ አንቀጽ ሞት ተፈረደባት። በእስር ቤት ወለደች፣ በሚቀጥለው ወር በይግባኝ ተለቀቀች። አንቀጹ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. (2020 እ.ኤ.አ.) ተሽሯል። ሃይማኖትን መስደብን የሚከለክለው አንቀጽ 125 ግን በዚያ ለውጥ አልተሰረዘም። ስለዚህ አለማመንና መሳደብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሁላችንም ልብ እንበል።

በገዳሪፍ ምድር እምነቱን ደብቆ የኖረ ስደተኛ ከእኛ በፊትም ነበር። በ1977 ዓ.ም. በረሃብና በጦርነት ዘመን በኡም ራኩባና በተዋዋ ጣቢያዎች የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ማንነታቸው እንዳይታወቅ ይጠነቀቁ ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ በምስጢር ወደ እስራኤል ከመወሰዳቸው በፊት በመንገድና በጣቢያ ብዙ ሺህ ሰው አልቋል። ጎረቤቱን የሚፈራ ሰው ሲታመም እንኳ ዘመድ ወይም ሐኪም ለመጥራት ያመነታል። የፍርሃት ዋጋው ይህን ያህል ነው።

በጣቢያችን የሚነሱ ጥያቄዎች

«ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው ራሽን ይገባዋልን?» አዎን። ራሽን፣ ሕክምናና ትምህርት የሚሰጠው በስደተኛነት እንጂ በእምነት አይደለም። ስለ ስደተኞች የወጣው የ1951 እ.ኤ.አ. ስምምነትም በሃይማኖት ሳቢያ የሚሳደደውን ሰው ይጠብቃል። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህ አለማመንንም እንደሚጨምር አስረድቷል። በዚህ ምክንያት የሚያሰጋው ሰው ለጥበቃ ሠራተኞች ለብቻው ቀርቦ መናገር ይችላል። አስተርጓሚው የሚያውቀው ሰው ሆኖ ከፈራም እንዲለወጥለት መጠየቅ መብቱ ነው።

«ሲሞት ማን ይቀብረዋል?» ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። ካህን የማያምንበትን ሰው ፍትሐት እንዲያደርግ፣ ሼኽም እንዲሰግድበት አይገደድም፤ የእነርሱም ነፃነት ነውና። ጉድጓድ መቆፈር፣ ሬሳ መሸከምና ድንኳን መትከል ግን የጎረቤትና የእድር ሥራ ነው። እድር ከፍሎ የኖረን ሰው «አታምንም ነበር» ብሎ ሬሳውን መተው ግፍ ነው። የእድር ዳኞች ነገሩን ሰው ከመሞቱ በፊት በደንባቸው ቢጽፉት በለቅሶ ቀን ጠብ አይነሣም።

«ልጆቹስ?» ልጅን በሃይማኖት ወይም በኅሊና መሠረት ማሳደግ የወላጅ መብት ነው። እኛ መምህራን በመዝገብ ላይ ሃይማኖት የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ስናገኝ ልጁን በክፍል ፊት ለምን ብለን አንጠይቅ። አባቱ ያላመነ ልጅ በእረፍት ሰዓት «የከሃዲ ልጅ» ተብሎ ብቻውን ሲቀመጥ አይቻለሁ። ስድቡን ልጆቹ ያመጡት ከቤታቸው ነው።

«የማያምነውስ ግዴታ የለበትም?» አለበት። በጾም ወቅት በጾመኛ ፊት አለመብላት፣ በጸሎት ሰዓት ሬዲዮ ዝቅ ማድረግ፣ የሰውን ቅዱስ ነገር አለማቃለል፣ የሌላውን ልጅ ሳይፈቀድለት አለመስበክ ይጠበቅበታል። ምእመኑም የጎረቤቱን ድስት ገልጦ ጾም መግደፉን ሊመረምር አይገባውም።

በመጨረሻም፣ ጠብ ሲነሣ በመጀመሪያ በሽማግሌ፣ ካልሆነ በጣቢያው ኮሚቴ፣ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለጥበቃ ሠራተኞች ይነገር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (2023 እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሱዳን በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ በእኛው አካባቢ ብዙ ሱዳናውያንም ተፈናቅለዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚደርስለት ጎረቤቱ ነው። ሌሊት የታመመ ሰው በአንጋሬብ ተሸክሞ ወደ ክሊኒክ ሲወሰድ፣ አንዱን ጫፍ የያዘው ምን እንደሚያምን የሚጠይቅ የለም።