ቡናው የእኛ፣ ስሙስ የማን?

እ.ኤ.አ. በጥር 1999 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ዳቮስ ለተሰበሰቡ የዓለም ነጋዴዎች ገበያው ሰብዓዊ ገጽታ እንዲላበስ ጥሪ አቀረቡ። በሐምሌ 2000 ኩባንያዎች በፈቃዳቸው የሚገቡበት «ግሎባል ኮምፓክት» ተጀመረ። ለሠራተኛ መብትና ለአካባቢ ጥበቃ የገባውን ቃል ላጠፈ ኩባንያ ግን ችሎት አልተበጀም። ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ በቡና ታየ።

ያን ሰሞን የቡና ዋጋ አፈር ድሜ በልቶ ነበር። በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት አቅርቦቱን በኮታ ይገድብ ነበር፤ በ1989 ኮታው ሲፈርስ ሁሉም ያለውን ይዞ ገበያ ወጣ። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ አምራች ለመሆን ብዙ ዓመታት አልፈጀባትም። በ2001 አማካይ የዓለም ዋጋ በፓውንድ ወደ 46 የአሜሪካ ሳንቲም ወረደ። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ፤ ኒውዮርክና ለንደን የሚሸጠው ሲኒ ግን አልረከሰም።

በታኅሣሥ 2002፣ ሚሊዮኖች ለረሃብ በተጋለጡበት ወቅት፣ ግዙፉ ቡና ገዥ ኩባንያ ኔስሌ ደርግ በ1975 ለወረሰው ድርጅት 6 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከኢትዮጵያ እየጠየቀ መሆኑ ተሰማ። የቁጣ ደብዳቤ ከየአገሩ ሲጎርፍበት በወሩ 1.5 ሚሊዮን ተቀብሎ ገንዘቡን ለረሃብተኞች እርዳታ ሰጠ። ምግባሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመርሕ ይልቅ ከኀፍረት የመነጨ ነበር።

ኢትዮጵያ በ2005 የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ አመለከተች። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ሲዳሞ የሚል ስም ያለበት የራሱን ማመልከቻ ቀደም ብሎ አስገብቶ ነበር፤ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ስሞቹ የወል መጠሪያ ናቸው ብሎ ተቃወመ። ስታርባክስ የአካባቢ መለያ ይሻላችኋል ሲል መከረ። በ2006 የረድኤት ድርጅቱ ኦክስፋም ለኢትዮጵያ ወግኖ ዘመቻ ከፈተ፤ በሰኔ 2007 ኩባንያው የኢትዮጵያን ባለቤትነት ተቀብሎ ፈረመ።

ውሉ ለስሙ መጠቀሚያ ሮያሊቲ አላስከፈለም፤ የቡናውን ዋጋም አልወሰነም። ሆኖም ኩባንያ በቸርነት የሰጠውን ሲከስር ሊያስቀረው ይችላል፤ በፊርማው ያጸደቀው ባለቤትነት ግን ያስጠይቀዋል።

ኃላፊነት የባዕድ ኩባንያ ዕዳ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ አገር ቤት ታየ። ከ2008 በኋላ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ያለፈው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ሲሸጥ፣ የትኛው ገበሬ እንዳመረተው መለየት አዳጋች ሆነ። ስሙን ውጭ አገር ያስከበረ መንግሥት የስሙን ትርፍ እስከ ገበሬው ጓሮ የማድረስ ዕዳም አለበት።