«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»

እህቴ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። አምና ሐምሌ ላይ «አሜሪካ ያሉ ደንበኞቼ ለእንቁጣጣሽ አይተው የሚያዙበት ድረ ገጽ ሥራልኝ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምውል ሰው ነኝና «ይሄማ ምን አላት!» አልኳት።

ግማሾቹን ፎቶዎች በስልኳ፣ ግማሾቹን በተዋሰችው ካሜራ አንስታ በፍላሽ ሰጠችኝ። እኔም ሁሉንም ዴስክቶፕ ላይ ዘረገፍኳቸውና ስም ማውጣት ጀመርኩ፦ «ቀሚስ»፣ «ቀሚስ አዲሱ»፣ «ቀሚስ የመጨረሻ»፣ «ቀሚስ የመጨረሻ የመጨረሻ»። (አትሳቁ፤ የእናንተም ላፕቶፕ ከዚህ አይሻልም።) ገጹ እኔ ጋ ሲታይ ያምራል። ነሐሴ ላይ ሰርቨር ላይ ጫንኩትና እህቴ በስልኳ ከፈተችው።

«ልብሶቼስ?» አለች። ከካሜራው የመጡት ፎቶዎች በሙሉ የሉም።

ምክንያቱን ሳገኘው በራሴ አፈርኩ። ካሜራው ከፋይሉ ስም መጨረሻ ያለችውን «ጄፒጂ» በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል፤ እኔ ገጹ ላይ በትንንሹ ነው የጻፍኩት። ዊንዶውስ ይህን እንደ አንድ ያልፈዋል። አብዛኛው ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው ይላል። የአማርኛ ስሞቹም ሌላ ጣጣ አመጡ። በድር አድራሻ ውስጥ አንድ የእኛ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይዘረዘራል፤ «ቀሚስ» ብቻውን 27 ሆነ ማለት ነው። አንዷ ደንበኛ ሊንኩን ስታየው ቫይረስ መስሏት አልከፈተችውም።

ይህ እንኳ በአንድ ሌሊት ተስተካከለ። ያልተስተካከለው ሌላ ነው። ፎቶዎቹ ከባድ ስለነበሩ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት አሳንሻቸው ነበር፤ አሳንሼም ዋናዎቹ ላይ ሴቭ አድርጌያለሁ። ደንበኞቹ «ጥበቡን በቅርበት አሳዪን» ሲሉ የሚታየው ብዥታ ነው። የካሜራው ሚሞሪ ተደምስሶ ለባለቤቱ ተመልሷል። ከቀሚሶቹ አራቱ ተሽጠዋል፤ ሸማኔው ደግሞ በበዓል ሥራ ተወጥሮ «እንዲያው ከመስቀል በኋላ» አለ። እህቴ አልተቆጣችም፤ ዝም ነው ያለችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ከባዶ ስንጀምር አንድም ገጽ ሳልጽፍ መጀመሪያ ፎልደር ከፈትኩ። ዋናዎቹ ፎቶዎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ አይነኩም፤ ቅጂያቸውም ሌላ ዲስክ ላይ አለ። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ሌላ ፎልደር ነው። እዚያ ውስጥ «ኢንዴክስ» የሚባለው የመግቢያ ገጽ ከላይ ይቀመጣል፤ አድራሻውን ብቻ ጽፎ ለመጣ ሰው ሰርቨሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው እሱን ነውና። የተቀነሱት ፎቶዎች፣ መልኩን የሚወስነው ሲኤስኤስ፣ ስክሪፕቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፎልደር አላቸው። ስሞቹ በሙሉ በትንንሽ የላቲን ፊደል ናቸው፤ ክፍት ቦታ የለም፤ በቃላቱ መሀል ሰረዝ ብቻ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመቱ! ቀሚስን በላቲን መጻፍ አሁንም ይከነክነኛል። ገጹ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ግን በዩቲኤፍ-8 ተቀምጦ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ነው።

እህቴም ሥርዓቱን ለምዳዋለች፤ ስሙን ራሷ አውጥታ ነው የምትልክልኝ። ባለፈው ሳምንት ብቻ አንዱን «ይሄኛው ነው» ብላ ልካልኛለች።